ከመቃብር ድንጋይ የቤተሰብ ታሪክ ማንበብ፦ ድንጋዩን ሳይጎዱ፣ ጽሑፉን ሳይስቱ

ዘመዶቹን በአሮጌ መቃብር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የቅድመ አያቱን ስም ያገኛል፣ ስሙንና ሁለቱን ዓመቶች ፎቶ ያነሣል፣ ይመለሳል። የድንጋዩን ጀርባ አላየም፤ ሣር የሸፈነውን የግርጌ መስመር አልገለጠም፤ ግራና ቀኝ የተቀበሩት እነማን እንደሆኑም አልጻፈም። የዘር ሐረግ ፍለጋ የሚሰምረው ግን በእነዚሁ በተዘለሉት ነገሮች ነው። ሌላም ነገር አለ። ድንጋዩን ያስቀረጸው ሟቹ አይደለም፤ ልጅ፣ ባል፣ ወንድም ወይም ማኅበር ነው፤ የተቀረጸውም እነሱ የሚያውቁትን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የመቃብር ጽሑፍ እንደ ምስክር ቃል ይደመጣል፤ ከሌላ ማስረጃ ጋር ሳይገናኝ ግን እንደ መጨረሻ ቃል አይወሰድም።

ከመሄድዎ በፊት

አንድ ወረቀት ይያዙና የሚፈልጉትን ሰው ስም ከነአጻጻፍ ልዩነቱ ይጻፉ፦ የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ ሴት ከሆነች ከጋብቻ በፊት የነበራት የቤተሰብ ስም። በግእዝ ፊደል በተጻፉ ድንጋዮች ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እየተለዋወጡ ይገባሉ። አንዱ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አምስትና ስድስት መልክ ሊኖረው ይችላል። ከስሙ አጠገብ የሞተበትን ዓመት በግምት ያኑሩ፤ 10 ዓመት ወደፊትና ወደኋላ ክፍት ይተዉለት። ሃይማኖቱንና በመጨረሻ የኖረበትን ቦታ መጻፍም አይዘንጉ፤ የትኛው መቃብር እንደሚፈለግ የሚለዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ቀጥሎ ወደ መቃብሩ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ቤተ እምነቱ ይሂዱና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የቀብር መዝገብ፣ የመቃብር ቦታዎች ካርታ፣ ቦታው በማን ስም እንደተገዛ የሚያሳይ ሰነድ። ሦስተኛውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ብዙ የሚያወጣው ግን እሱ ነው። ለቦታው የከፈለው ሰው ብዙ ጊዜ አማች ወይም ወንድም ሲሆን ስሙ በድንጋዩ ላይ አይገኝም። መዝገቡ ደግሞ ድንጋይ ያልቆመላቸውን ያሳያል። ሕፃናት፣ ድሆች፣ በእንጨት ምልክት ብቻ የተቀበሩ ሰዎች ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ እንጨቱ ከበሰበሰ በኋላ የሚቀረው መዝገቡ ብቻ ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ የመቃብር ቦታ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት፣ በኪራይ ይሰጣል። የሚያድስ ዘመድ ከሌለ ድንጋዩ ተነሥቶ ቦታው ለሌላ ሰው ይሆናል። ድንጋይ አጣሁ ማለት እዚያ አልተቀበረም ማለት አይደለም።

ፈቃድ ሲጠይቁ ፎቶ ማንሣትን፣ ሣር ማጨድንና ድንጋይ ማጽዳትን ለየብቻ ይጠይቁ። አንዱን የፈቀደ ሌላውን ሊከለክል ይችላል።

የሚይዙት ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ስልክ ወይም ካሜራ ከትርፍ ባትሪ ጋር፣ እርሳስና ደብተር (እስክሪብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ ይፈሳል)፣ 5 ሜትር የሚሆን መለኪያ ሜትር፣ ኃይለኛ የእጅ ባትሪ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ያላነሰ መስታወት፣ 5 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ውሃ መርጫ ጠርሙስ፣ ለስላሳ የናይለን ብሩሽ፣ መቀስ፣ ጓንት፣ ለጉልበት የሚነጠፍ ነገር። መስታወቱ የፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል፤ የብርጭቆው ከወደቀ ስባሪው ሣሩ ውስጥ ይቀራል።

ጽሑፉን የሚያወጣው ብርሃን ነው

ጠፋ የሚባል ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ አልጠፋም፤ ጥላ አጥቶ ነው። የ1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቅርጽ ብርሃኑ ከድንጋዩ ገጽ ጋር 45 ዲግሪ ሠርቶ ሲመጣ 1 ሚሊ ሜትር ጥላ ይጥላል። ብርሃኑ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ያው ቅርጽ ወደ 6 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ የሚፈለገው ድንጋዩን ከጎን ወይም ከላይ እየታከከ የሚያልፍ ብርሃን ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣ ፀሐይ፣ ከሁሉም በላይ የስልኩ ፍላሽ፣ ፊደሉን ከድንጋዩ ጋር አንድ ያደርገዋል። ፍላሹን ያጥፉ።

ፊቱ ወደ ምሥራቅ የዞረ ድንጋይ በማለዳ ብርሃን በቀጥታ ይመታዋል፤ በደንብ የሚነበበው ፀሐይ ወደ አናት ስትቃረብ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀትር ገደማ ነው። ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ደግሞ ቀትር እንዳለፈ ወዲያው። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የማያገኘው ድንጋይ መስታወት ይፈልጋል። አንድ ሰው ከድንጋዩ ጎን ሁለትና ሦስት ሜትር ርቆ ፀሐይ ላይ ይቆምና ብርሃኑን ከላይኛው ማዕዘን ወደ ታችኛው ሰያፍ ያሳልፋል፤ ሌላው ፎቶ ያነሣል። መስታወቱን በጥቂቱ እያዞሩ ሲሞክሩ አንዱ ፊደል ሲጠፋ ሌላው ይወጣል።

ብቻዎን ከሆኑ ድንጋዩን በጥቁር ጃንጥላ ወይም ጨርቅ ያጥሉትና በእጅ ባትሪ ይሥሩ። ካሜራው በመቆሚያ ላይ ሳይነቃነቅ፣ ባትሪውን ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይና ከታች እያደረጉ አራት ፎቶ ያንሡ። ለመጨረሻዋ አጠራጣሪ ቁጥር የጣት ጫፍ ከዓይን ይበልጣል፤ ዓይንን ጨፍኖ በቀስታ መዳሰስ 3ን ከ8 የሚለይበት ጊዜ አለ።

ቤት ከገቡ በኋላ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡ፣ የጨለማና የብርሃኑን ልዩነት ያጉሉ፣ ከዚያ ቀለሙን ገልብጠው ነጩን ጥቁር ያድርጉት። በዚህም አልሆነ ካለ ድንጋዩን ከሁሉም አቅጣጫ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያንሡት፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ወደ 70 በመቶ ይደራረብ። ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል የሚሠራ ፕሮግራም እነዚህን አገጣጥሞ የድንጋዩን ገጽ ያወጣል። የሞዴሉን ቀለም አጥፍተው ሰው ሠራሽ ብርሃን ከጎን ሲያበሩበት የሽበቱና (በድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚበቅለው ቅርፊት መሳይ ነገር) የእድፉ ሥዕል ይጠፋል፤ የሚቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነው።

ማጽዳት፦ ከተቻለ አይንኩት

በብርሃን ከተነበበ ማጽዳት አያስፈልግም። እናጽዳ ከተባለም አስቀድሞ ይፈተናል። ጣት ሲያሳርፉበት እንደ ስኳር የሚፈረፍር ወይም ዱቄት የሚተው እብነ በረድ፣ ቅርፊቱ የተነሣ የአሸዋ ድንጋይ፣ በጣት አንጓ ቀስ ብለው ሲመቱት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ድንጋይ አይነካም። ባዶው ድምፅ ከገጹ በታች ንብርብሩ መለያየቱን ያመለክታል፤ በላዩ ላይ ወረቀት አድርጎ በከሰል ወይም በሰም ማሸት ገጹን ይዞት ሊመጣ ይችላል። ብዙ መቃብሮች ይህን ማሸት ጭራሽ የከለከሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ጤነኛ ለሆነ ድንጋይ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ያርጥቡት፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ እየቦረሹ ያለማቋረጥ ያለቅልቁ። ከላይ ከጀመሩ የቆሸሸው ውሃ በደረቁ ድንጋይ ላይ ወርዶ መስመር ይተዋል። ሽበቱን ደረቅ እያለ አይፋቁ። ሥሩ መሳይ ክሮቹ ድንጋዩ ውስጥ ስለገቡ የድንጋዩን ቅንጣት ነቅለው ይመጣሉ። በውሃ ሲርስ ያብጣል፣ ይላላል፣ በእንጨት መፋቂያም ይነሣል። ሌሊቱን ውርጭ የሚጥል ከሆነ ሥራውን ለሌላ ቀን ያቆዩ፤ ድንጋዩ የጠጣው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲሰፋ ይሰነጥቀዋል።

በየቦታው የሚመከሩ መጥፎ ዘዴዎች አሉ፤ ጉዳታቸው ዓመታት ቆይቶ ስለሚታይ ደህና ይመስላሉ። ኮምጣጤና ሎሚ አሲድ ናቸው፤ እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆኑ አሲዱ ፊደሉን ራሱን ያሟሟዋል። በረኪና በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው እየጠጠረ ገጹን ከውስጥ ይገፋዋል። የጢም መላጫ አረፋ ጽሑፉን ለአንድ ሰዓት ያሳያል፣ በውስጡ ያለው ቅባትና አሲድ ግን ታጥቦ አያልቅም። ዱቄት መንፋት የሻጋታና የሽበት ምግብ መስጠት ነው። ጠመኔ ይቧጭራል። የሽቦ ብሩሽና በግፊት የሚረጭ ውሃ ምን እንደሚያደርጉ መናገር አያሻም።

ያዘመመ ድንጋይ ላይ አይደገፉ፣ የወደቀውንም አያንሡ። 100 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 60 ወርድና 10 ውፍረት ያለው የግራናይት ድንጋይ 160 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሕፃናትን ይዘው ከሄዱ ይህንን አስቀድመው ይንገሯቸው።

እንዳለ መገልበጥ

ለእያንዳንዱ ድንጋይ ቢያንስ አራት ፎቶ ያስፈልጋል፦ ሙሉው ድንጋይ በቀጥታ ከፊቱ፣ ጽሑፉ ብቻ፣ ጀርባና ጎኖቹ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚታይበት። ግርጌውን የሸፈነውን ሣር በመቀስ ይቁረጡ፤ የጠራቢው ስም ወይም የመጨረሻው ስንኝ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ፎቶ አለኝ ብለው መጻፉን አይተዉ፤ እዚያው ድንጋዩ ፊት ሆነው ይገልብጡ። የመስመር መጨረሻውን በሰያፍ መስመር ያመልክቱ፤ የተጠራጠሩትን ፊደል በቅንፍ ውስጥ ያድርጉ፤ ላልተነበበው ነጥብ ይተኩ። አጽሕሮተ ቃል አይፍቱ፤ ስሕተት አያርሙ። ጠራቢው ስሙን አሳስቶ ቀርጾት ከሆነ ስሕተቱ ራሱ መረጃ ነው፤ ስሙ በዚያ ቤት እንዴት ይጠራ እንደነበር ሊያመለክት ይችላል። ከጽሑፉ ሥር የድንጋዩን ዓይነት፣ ልክ፣ ፊቱ የዞረበትን አቅጣጫ፣ ረድፉንና ቁጥሩን፣ የገለበጡበትን ቀንና የራስዎን ስም ያስፍሩ። የስልክ ጂፒኤስ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል፤ መቃብሮች ደግሞ ከዚያ ይልቅ ይቀራረባሉ። ስለዚህ በእጅ የተሣለ ንድፍም ይኑርዎት።

ቀን፣ ዕድሜና የዘመን አቆጣጠር

ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው። የተሸረሸሩ 1፣ 4 እና 7 ይመሳሰላሉ፤ 3 ከ8፣ 5 ከ6 ይምታታሉ። በግእዝ ቁጥር ፮ እና ፯ን መለየት ከባድ ነው፤ ግን መፈተኛ አለ። በድንጋዩ ላይ የወንጌላዊው ስም ካለ፣ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ ዓመቱ ፲፱፻፳፮ ይሁን ፲፱፻፳፯ አልታወቀም እንበል። ከጎኑ «ዘመነ ማርቆስ» የሚል ከተነበበ 1926 ነው፤ 7426 ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል። ዓመቱ በዓመተ ዓለም ከተጻፈ ደግሞ 5500 ይቀንሱለት።

ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ግሪጎርያን ሲመልሱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ 7 ይጨመራል፣ የግሪጎርያኑ ጃንዋሪ ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8። ወሩ ካልተጻፈ ሁለቱንም ዓመት ይያዙ።

ግሪጎርያኑም ራሱ ሁሉም ዘንድ በአንድ ቀን አልገባም። የካቶሊክ አገሮች በ1582 ጀመሩት፣ ብሪታንያ በ1752፣ ሩሲያ በ1918፣ ግሪክ በ1923። በእንግሊዝ ከ1752 በፊት አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ስለነበር በድንጋይ ላይ «1731/2» የሚመስል ጽሑፍ ቢያዩ የጠራቢ ስሕተት አይደለም፤ በአሮጌው 1731፣ በአዲሱ 1732 ማለት ነው።

በዕብራይስጥ ድንጋዮች ዓመቱ በፊደል ይጻፋል፤ 5000ውም ብዙ ጊዜ ይተዋል። የቀረውን ቁጥር በ1240 ደምሩት፦ 680 የሚል 1920 ይሆናል። ዓመቱ የሚገባው በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ስለሆነ፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ለሞተ ሰው አንድ ይቀነሳል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ ቁጥሩን በ0.97 አባዝተው 622 ሲደምሩ የተቀራረበ የግሪጎርያን ዓመት ያገኛሉ። 1300 ሂጅራ በ1882 እና 1883 መካከል ይወድቃል።

ድንጋዩ የትውልድ ቀን ሳይጽፍ ዕድሜን እስከ ቀኑ ሲቆጥር ማስላት ይቻላል። ማርች 4 ቀን 1872 በ63 ዓመት ከ8 ወር ከ20 ቀን ዕድሜው ያረፈ ሰው ይኑር። ከ4 ላይ 20 ስለማይነሣ ካለፈው ወር እንበደር፤ 1872 ፌብሩዋሪው 29 ቀን የነበረው ዓመት ነው፤ 33 ሲቀነስ 20፣ 13። ወሩ 2 ቀርቷል፤ 12 ተበድረን 14 ሲቀነስ 8፣ 6። ዓመቱ 1871 ሲቀነስ 63፣ 1808። ጁን 13 ቀን 1808 ተወልዷል። ያሰላው ሰው ሁሉንም ወር 30 ቀን አድርጎ ከቆጠረ ጁን 14 ይመጣል፤ አንድና ሁለት ቀን የሚበላለጡ መዝገቦችን ሁለት የተለያዩ ሰዎች አያድርጓቸው። «በ64ኛ ዓመቱ» የሚል ጽሑፍም ያሳስታል፤ 63 ሞልቶት 64ኛውን ይኖር ነበር ማለት ነው።

ዝምድናን ማንበብ

በአንድ አጥር ወይም በአንድ ረድፍ ያሉትን ሁሉ ይገልብጡ፣ ስማቸው ባይመሳሰልም። ያገባች ሴት ልጅ፣ የሚስት እናት፣ አብሮ ያደገ ልጅ በሌላ የቤተሰብ ስም እዚያው ይገኛሉ። በአሮጌ የእንግሊዝኛ ድንጋዮች «ሬሊክት» የተባለች ሴት ባሏ ቀድሟት ሞቶ መበለት የነበረች ናት፤ «ኮንሶርት» የተባለችው ደግሞ ባሏ በሕይወት እያለ የሞተች። ይህች አንዲት ቃል ብቻዋን የባልን የሞት ጊዜ በግማሽ ታጠብባለች። በዕብራይስጥ ድንጋይ «ቤን» ወይም «ባት»፣ በዓረብኛ «ኢብን» ወይም «ቢንት» ካለ የሚከተለው የአባት ስም ነው፤ ያ ማለት አንድ ትውልድ ወደ ላይ ወጡ። ሁለት የተዘረጉ እጆች ያሉበት የአይሁድ ድንጋይ ሟቹ የካህናት ወገን መሆኑን፣ የውሃ ማሰሮ ያለበት ሌዋዊ መሆኑን ይናገራል፤ ይህም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው።

የባልና ሚስት ድንጋይ ላይ የአንዱ የሞት ቀን ባዶ ከሆነ፣ ያ ሰው ሌላ አግብቶ ወይም አገር ለቆ ሌላ ቦታ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ ፍለጋው ወደዚያ ይዞራል። ሁለት ፊደል ብቻ ያለባቸው ትንንሽ ድንጋዮች ብዙ ጊዜ የእግርጌ ወይም የቦታ ወሰን ምልክት ናቸው፤ እንደ ተጨማሪ መቃብር አይቁጠሯቸው። ሥሩ አስከሬን የሌለበት የመታሰቢያ ድንጋይም አለ፤ በጦርነት ወይም በባሕር ለጠፉ ሰዎች የሚቆም ነው።

የድንጋዩ ዓይነት ጽሑፉን ይፈትሻል። በማሽን የተወለወለ ግራናይት የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማገባደጃ ነው፤ በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ የ1790 ሞት ከተነበበ ድንጋዩን ያቆሙት የልጅ ልጆች መሆን አለባቸው። ሰማያዊ ቀመስ ግራጫ፣ ሲመቱት እንደ ብረት የሚጮኽና ውስጡ ክፍት የሆነ ሐውልት ከዚንክ የተሠራ ነው። በአሜሪካ እነዚህ ከ1870ዎቹ እስከ 1914 ኮነቲከት ውስጥ ብሪጅፖርት በሚገኝ ፋብሪካ ተሠርተዋል። ከሞቱ ብዙ ዘግይቶ የቆመ ድንጋይ የሚለው ቀን ከቤተሰብ ትዝታ የተወሰደ ነው፤ ክብደቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በአጠቃላይ የሞት ቀን ከትውልድ ቀን ይልቅ ይታመናል፤ ያስቀረጹት በሞቱ ጊዜ ነበሩ፣ በልደቱ ጊዜ ግን አልነበሩም። ሁለቱንም ከክርስትና፣ ከጋብቻና ከቀብር መዝገብ ጋር ያስተያዩ፤ የሚጋጩትን ሁለቱንም ጽፈው ያቆዩ።

በኢንተርኔት ያሉ ስብስቦች

ፋይንድ ኤ ግሬቭ ከ1995 ጀምሮ፣ ቢሊየን ግሬቭስ ከ2011 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ያነሷቸውን መቃብሮች ይዘዋል። ቢሊየን ግሬቭስ ፎቶውን ከጂፒኤስ ጋር ስለሚያያይዝ አጠገብ የተቀበሩትን ለማየት ይጠቅማል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በብሪታንያና በተባባሪ ግዛቶቿ ጦር ውስጥ ለሞቱት፣ በ1917 የተቋቋመው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን 1.7 ሚሊዮን ገደማ ስሞችን በነጻ መፈለግ ያስችላል፤ ከስሙ ጋር የወላጆች ስም የሚገኝበት ጊዜ አለ። በእነዚህ ገጾች ፎቶውንና ከፎቶው ሥር የተጻፈውን ለይተው ያንብቡ። ፎቶው ድንጋዩ ነው፤ ወላጆች፣ ልጆች፣ የትውልድ ቦታ ተብሎ የተጨመረው ግን የአንድ ተጠቃሚ ግምት ሊሆን ይችላል፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየተገለበጠም እውነት ይመስላል።

የራስዎን ፎቶ ከመስቀልዎ በፊት በድንጋዩ ላይ በሕይወት ያለ ሰው ስም መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ብዙ ባልና ሚስት አንዱ ሲሞት የሌላውን ስምና የትውልድ ቀን አብረው ያስቀርጻሉ። እንዲህ ከሆነ ያንን ክፍል ሸፍነው ይስቀሉት፤ ሙሉውን ፎቶ በቤትዎ መዝገብ ውስጥ ያስቀምጡት።